ባሕር ዳር ስታዲየም በማኅበር መደገፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጣና ሞገዶቹን፣ ማለትም የባሕር ዳር ከተማ ክለብን፣ ሊደግፍ መጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጨፋሪዎቹ መሃል የሚቆም ሰው የሚጠይቀው ነገር ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። በየጨዋታው የሚነሱትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እዚህ ሰብስበናቸዋል። ዋልያዎቹን (ብሔራዊ ቡድኑን) ለሚደግፍም፣ ከሌላ ከተማ በእንግድነት ለሚመጣም አብዛኛው ይጠቅማል።

የማኅበር አባል ሳልሆን መደገፍ አልችልም?

ትችላላችሁ። ትኬት የቆረጠ ሁሉ ደጋፊ ነው። አባልነት የሚጠቅመው ከማኅበሩ ጋር ለመጓዝ፣ በማኅበሩ ስም ከበሮና ጨርቅ ለማስገባት፣ በጉባኤ ላይም ድምፅ ለመስጠት ነው።

ከአስጨፋሪው አጠገብ መቆም እፈልጋለሁ። ምን ይጠበቅብኛል?

90 ደቂቃ ሙሉ መዝፈን። የፊተኞቹ ረድፎች ኳስ ለማየት ብቻ ለመጣ ሰው አይመቹም። ሰው ይቆማል፣ ጨርቅ ይውለበለባል፣ ግማሹን ጨዋታ የምታዩት በሰው ትከሻ መሃል አሾልቃችሁ ነው። ተቀምጦ ማየት የሚፈልግ፣ ሕፃን የያዘ ወይም ስልኩን ከፍ አድርጎ ቪዲዮ የሚቀርጽ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ቢል ለሁሉም ይቀላል። ስልክ የያዘ እጅ አያጨበጭብም፤ አሥር ሰው መቅረጽ ሲጀምር የዚያ አካባቢ ድምፅ ወዲያው ይወርዳል።

አስጨፋሪው ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ፊቱን ወደ እናንተ ስለሚያዞር ጨዋታውን አያየውም። ስለዚህ ከጎኑ ሜዳውን የሚያይለት አንድ ሰው ሁልጊዜ መኖር አለበት። ተጫዋች ተጎድቶ ሲወድቅ፣ ቀይ ካርድ ሲወጣ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጥ በጆሮው ይነግረዋል። ይህ ሰው ከሌለ የተቃራኒ ቡድን ተጫዋች ቃሬዛ ላይ እያለ እኛ ስንጨፍር እንገኛለን፤ ያ ደግሞ ነውር ነው።

በየ10 እና 15 ሜትሩ ረዳት አስጨፋሪ ይቆማል። ቃል ስለማይሰማ የሚግባቡት በእጅ ነው። የተጨበጠ እጅ ወደ ላይ ከሆነ “አቁሙ”፣ መዳፍ ወደ ታች ከሆነ “ዝቅ አድርጉ”፣ ጣት በአየር ላይ ሲዞር “ከመጀመሪያው እንደገና” ማለት ነው። ማኅበሩ የራሱን ምልክት ሊመርጥ ይችላል፤ ብቻ ምልክቶቹ ከአራት አይብለጡ፤ ከበዙ ማንም አያስታውሳቸውም።

አንድ ጭፈራ ሳያልቅ ከመሃል የራስን ዜማ መጀመር አይፈቀድም። ዜማ ያለው ሰው በዕረፍት ሰዓት ለረዳቱ ያቀብል።

ሁላችንም እየዘፈንን ድምፃችን የሚበታተነው ለምንድን ነው?

ድምፅ በሰከንድ የሚጓዘው 340 ሜትር ያህል ነው። ከከበሮው 85 ሜትር ርቆ የቆመ ደጋፊ ምቱን የሚሰማው ሩብ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ከበሮው በደቂቃ 120 ጊዜ ቢመታ በሁለት ምት መካከል ያለው ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ነው። ስለዚህ ያ ሰው ከሰማው ምት ጋር እኩል ቢያጨበጭብም ጭብጨባው ከበሮው ዘንድ ካለው ሕዝብ አንጻር በሁለቱ ምቶች ልክ መሃል ላይ ይወድቃል። የሱ ጭብጨባ ተመልሶ ከበሮ መቺው ጋ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ሩብ ሰከንድ ይጨመርበታል። መቺው የዘገየውን ሕዝብ ለመጠበቅ እጁን ያዘገያል፣ ሕዝቡም የባሰ ይዘገያል፣ ጭፈራው እየተጎተተ ይሞታል። ችግሩ የፍላጎት ማነስ ሳይሆን የርቀት ነው።

ከ50,000 ሰው በላይ በሚይዝ፣ ዙሪያውን የሩጫ መም ባለው ስታዲየም ውስጥ ይህ በየጨዋታው ያጋጥማል። መፍትሔው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ መሰብሰብ። 300 ሰው በአንድ ረድፍ 25 እየሆነ በ12 ረድፍ ቢቆም፣ ለአንድ ሰው 50 ሴንቲ ሜትር ብንሰጥ፣ ወርዱ ከ13 ሜትር አይበልጥም። በዚህ ስፋት ውስጥ መዘግየቱ ለጆሮ አይታወቅም። ያው 300 ሰው በ100 ሜትር ላይ ተበትኖ ከተቀመጠ ግን ሦስት የተለያየ ጭፈራ ይወጣል።

ሁለተኛ፣ መሪ ከበሮ አንድ ብቻ ይሁን። ሌሎች ከበሮዎች ከጎኑ ይቁሙ። በሌላው የስታዲየሙ ጫፍ ሁለተኛ ከበሮ ማስቀመጥ ብዙ ሰው ጥሩ ሐሳብ ይመስለዋል፤ ድምፁን በብዛት የሚያፈርሰው ግን እሱ ነው። ራቅ ያሉት ረዳቶች ምቱን በጆሮ አይከተሉ፤ የመቺውን እጅ በዓይን ይከተሉ። ብርሃን አይዘገይም። ለዚህም መቺው ከፍ ባለ ቦታ ላይ ይቁም፣ እጁ ላይም ደማቅ ጨርቅ ይሰር።

ሦስተኛ፣ ስታዲየሙ በሙሉ እንዲቀበል የሚፈለግ ጭፈራ ዝግ ይበል። በደቂቃ 80 ወይም 90 ምት ላይ ሲሆን ሩቅ ያለው ሰው ለመያዝ ጊዜ ያገኛል። ፈጣኑን ለመሃለኛው ቡድን ብቻ አስቀሩት። ከኋላችሁ ግድግዳ ወይም ጣሪያ ካለ ደግሞ ወደሱ ተጠጉ፤ ወደ ሰማይ የሚያመልጠውን ድምፅ ወደ ሜዳው ይመልስላችኋል።

ቩቩዜላ ወይም ጥሩምባ ላምጣ?

አይመከርም። ከጆሮ አጠገብ ከ110 ዴሲቤል ያልፋል፣ ድምፁም አንድ ዓይነት ስለሆነ የሚዘፈነውን ቃል ይውጠዋል። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበራት ኅብረትም በ2010 እ.ኤ.አ. ከውድድሮቹ ያገደው የደጋፊን ዜማ ስለሚያጠፋ ነው። ፊሽካ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ተጫዋች የዳኛ ፊሽካ መስሎት ይቆማል።

አዲስ ጭፈራ እንዴት ይወጣል? እኔስ ግጥም መስጠት እችላለሁ?

መስጠት ትችላላችሁ፤ ጥሩ ጭፈራ የሚገኘውም ከብዙ ሰው ነው። የእኛ የስታዲየም ጭፈራ ሥሩ ከሜዳ ውጪ ነው። ሆያ ሆዬ ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ በፉከራና በቀረርቶ የለመድነው አቀባይና ተቀባይ ነው። አንዱ ስንኝ ይሰጣል፣ ሕዝቡ አጭር መልስ ይመልሳል። ስለዚህ ግጥም ስትጽፉ መጀመሪያ የሕዝቡን መልስ ጻፉ። መልሱ ከሰባት ወይም ከስምንት ቀለም (ማለትም በአፍ ሲቆጠር ከሰባት ስምንት ድምፅ) ካለፈ በሁለተኛው ዙር ይጠፋል። የአቀባዩ ስንኝ ግን ይርዘም፤ ወል ቤት በሚባለው የግጥም ስልት ስድስት ስድስት ቀለም ሆኖ ሲሰበር ለከበሮው ይመቻል። ለምሳሌ፦

አቀባይ፦ ከሐይቁ ወዲያ ማን ነው የሚጣራ?
ተቀባይ፦ ሞገዱ ነው ሞገዱ!

እዚህ ላይ ሕዝቡ የሚያስታውሰው ሁለት ቃል ብቻ ነው። አቀባዩ በየዙሩ ስንኙን እየቀየረ ሩብ ሰዓት ሊያስኬደው ይችላል።

ዜማው ሰው የሚያውቀው ይሁን። አዲስ ዜማና አዲስ ቃል አብረው ከመጡ አንዱም አይያዝም። በመጀመሪያ ለ20 ሰው አስለምዱት፣ ቃሉን ከጨዋታው ሁለት ቀን በፊት በማኅበሩ ቴሌግራም ልቀቁት፣ ሜዳ ላይም በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ሰው ገና ትኩስ ሳለ ሞክሩት። በአንድ ጨዋታ ከአንድ በላይ አዲስ ጭፈራ አታስገቡ።

በብዛት የሚበላሸው የድምፁ ከፍታ ነው። አቀባዩ በስሜት ከፍ አድርጎ ይጀምራል፣ ሕዝቡ በየዙሩ ይጨምርበታል፣ በሦስተኛው ዙር ላይ የሚደርስበት ሰው የለም። ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ። የተጫዋች ስም ሲጠራም ከሁለት ወይም ከሦስት ቀለም እንዳይበልጥ አሳጥሩት።

ተቃራኒ ቡድንን መዝለፍ ይፈቀዳል? ድንበሩ የት ነው?

በኳስ መሸሞር ይፈቀዳል፤ የጨዋታው ቅመም ነው። “ኳሱ ከበዳችሁ”፣ “በረኛችሁ አንቀላፋ” ማለት ማንንም አይጎዳም። ብሔር፣ ሃይማኖት፣ ቋንቋ፣ የቆዳ ቀለም፣ አካል ጉዳት፣ የሞተ ሰው፣ የተጫዋች እናት ግን አይነኩም። የፖለቲካ መፈክርም ከስታዲየም ውጪ ይቆይ።

ምክንያቱ ሁለት ነው። በፊፋ የሥነ ሥርዓት ደንብ ክለብ ለደጋፊዎቹ ጠባይ ተጠያቂ ነው፤ ራሱ ጥፋት ባይሠራም፣ ጨዋታው በሜዳውም ሆነ ከሜዳው ውጪ ቢሆን። ዕቃ መወርወር፣ ርችትና ጭስ፣ ሌዘር፣ ሜዳ መግባት፣ የፖለቲካ ወይም አስጸያፊ መልእክት፣ በብሔራዊ መዝሙር ጊዜ ረብሻ ማንሳት በስም ተዘርዝረዋል። ቅጣቱ ከገንዘብ ይጀምራል፣ ያለ ተመልካች መጫወት፣ በገለልተኛ ሜዳ መጫወት፣ ነጥብ መቀነስ ድረስ ይሄዳል። ደጋፊው ይጮሃል፣ ተጫዋቹ ይከፍላል።

ሁለተኛው ምክንያት ከቅጣት ይከብዳል። በአገራችን ሁኔታ የብሔር ስድብ በስታዲየም በር አያበቃም፤ ወደ መናኸሪያው፣ ወደ ሆቴሉ፣ ወደ መንገዱ ተከትሎ ይወጣል፣ ደም ያፋስሳል። ስለዚህ “ለቀልድ ነው” የሚል መልስ በማኅበር ውስጥ ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም።

ዘረኛ ስድብ ከተሰማ ዳኛው በሦስት ደረጃ ይሄዳል፦ ጨዋታውን ያቆማል፣ ከቀጠለ ተጫዋቾቹን ለጊዜው ያስወጣል፣ አሁንም ከቀጠለ ጨዋታውን ያቋርጣል። ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተጫዋቾች እጆቻቸውን አንጓ ላይ አመሳቅለው ለዳኛው የሚያሳዩት ምልክት ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ያንን ካያችሁ ወዲያውኑ ዝም አሰኙ።

ሰዳቢን በስድብ ማስቆም አይቻልም፤ ጫጫታው ይብሳል። የሚሠራው ሌላ ነው፦ ረዳቱ ለመቺው ምልክት ይሰጣል፣ ከበሮው ሁሉም የሚያውቀውን ጭፈራ ይጀምራል፣ ሰዳቢው ብቻውን ይቀራል። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰው ሄደው በእርጋታ ያነጋግሩታል። ካልሰማ ለፀጥታ አካል ይሰጣል።

የራሳችንን ተጫዋች መውቀስስ?

ጨዋታው ካለቀ በኋላ ይደረጋል። እየተጫወተ እያለ ስሙን እየጠሩ መስደብ ቀጣዩን ኳስ እንዲሸሽ ያደርገዋል፤ ያጠፋ ሰው እንዲደበቅ ሳይሆን ኳስ እንዲጠይቅ ነው የምንፈልገው።

ርችትና ባለቀለም ጭስ በውጭ አገር ስታዲየሞች እናያለን። እኛ ለምን አንጠቀምም?

የተከለከለ ስለሆነ፣ የተከለከለውም በቂ ምክንያት ስላለው። በእጅ የሚያዘው የምልክት መብራት ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ነው የሚነደው፤ ናይሎን ማሊያ ላይ ከወደቀ ጨርቁ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ውኃ ብትደፉበትም በቀላሉ አይጠፋም። ጭሱ ደግሞ አስም ላለበት ሰው ከባድ ነው፤ ሰው እየሳለ ወደ መውጫ ሲገፋ ሌላ አደጋ ይፈጠራል። ከርችት ይልቅ ጨርቅ ላይ የሚወጣ ገንዘብና ጉልበት ረጅም ጊዜ ያገለግላል።

ትልቅ ጨርቅ እንዴት ይሠራል?

የ6 ሜትር ርዝመትና የ1.80 ሜትር ቁመት ያለው ጨርቅ ለመጀመሪያ ጥሩ ልክ ነው። 90 ሴንቲ ሜትር ወርድ ካለው አቡጀዲ ሁለት ቁራጭ ይገጠማል። ለእጥፋትና ለመሰብሰብ ተጨምሮ 13 ሜትር ተኩል ግዙ። ሳትሰፉ በፊት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አድርቁት፤ አቡጀዲ ስለሚሰበሰብ፣ ቀለም ከተቀባ በኋላ ዝናብ ሲነካው ፊደሉ ይጨማደዳል።

ልብስ ሰፊው መገጣጠሚያውን ሁለት ጊዜ ይስፋው። የላዩን ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር አጥፎ ገመድ ያስገባበት፤ ገመዱ በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ሜትር ይተርፍ። ክብደቱን የሚሸከመው ገመዱ እንጂ ጨርቁ እንዳይሆን ነው። ጨርቁን በቀዳዳ ብቻ ካንጠለጠላችሁት ከሐይቁ የሚነሳው የከሰዓት ነፋስ ከዳር ይቀደዋል። የታችኛውን ጠርዝ በአራት ቦታ በቀጭን ሲባጎ እሰሩት፤ ነፋሱ ከበረታ ሲባጎው ይበጠሳል፣ ጨርቁ ይተርፋል። ድንጋይ ወይም አሸዋ ለክብደት አታንጠልጥሉ፤ በር ላይም ያስይዛችኋል።

ፊደሉን በጠመኔና በተወጠረ ክር ንደፉ። በ100 ሜትር ርቀት እንዲነበብ ቁመቱ ከ40 ሴንቲ ሜትር አይነስ፤ 60 ቢሆን ይሻላል። የግዕዝ ፊደል አንድ የራሱ ፈተና አለው። ‘ደ’ን ከ‘ዱ’፣ ‘ገ’ን ከ‘ጉ’ የሚለየው ትንሽ ቅጥያ ነው። በመደበኛ መጠን ከጻፋችሁት ቅጥያው ከሩቅ ይጠፋል፣ “ሞገዱ” የተባለው “ሞገደ” ሆኖ ይነበባል። ስለዚህ የፊደሉ ውፍረት የቁመቱ ስድስተኛ ያህል ይሁን፣ ቅጥያውን ደግሞ መጽሐፍ ላይ ከምታዩት አንድ ተኩል እጥፍ አጋንናችሁ ሳሉት። ቅርብ ሆኖ ሲታይ ያስቀይማል፤ ከተቃራኒው መቀመጫ ግን በትክክል ይነበባል። ጨርቁን ከመስቀላችሁ በፊት አንድ ሰው 100 ሜትር ርቆ ያንብበው።

ቀለሙ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ይሁን፣ ለአራት እጅ ቀለም አንድ እጅ ውኃ ጨምሩ። ወፍራም ከተቀባ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። የዘይት ቀለም ይገማል፣ ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል፣ እሳትም ይወዳል። አንድ ሙሉ ቀን ካደረቃችሁት በኋላ አትጠፉት፤ በፕላስቲክ የውኃ ቱቦ ላይ ጠቅልሉት።

ስትሰቅሉ የአደጋ መውጫ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ እና የሌላ ሰው እይታ አትሸፍኑ። የእንጨትና የብረት ዘንግ አይገባም።

በር ላይ መቼ ልድረስ?

እንግሊዞች ከስታዲየም አደጋዎች በኋላ ባሻሻሉት የደኅንነት መመሪያ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያሳልፍ በር በሰዓት ከ660 ሰው በላይ ያስገባል ተብሎ አይታሰብም። 20,000 ሰው በ12 በር ቢገባ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ፍተሻ ሲጠብቅ ከዚያም ይረዝማል። ጨዋታው 9:00 ሰዓት ከሆነ ከበሮና ጨርቅ የያዘው ቡድን 6:30 በር ላይ ይሁን፣ ሌላው ደጋፊ ከ7:30 አይለፍ። ባጃጅ እስከ በሩ ስለማያደርሳችሁ የእግር መንገዱንም ቁጠሩ።

ከበሮ፣ ጨርቅና ድምፅ ማጉያ ለማስገባት ማኅበሩ ከጨዋታው በፊት ለአዘጋጁና ለፀጥታ ኃላፊው ዝርዝር ያቅርብ፦ ስንት ከበሮ፣ ጨርቁ ስንት በስንት፣ ምን ተጽፎበታል፣ ተጠሪው ማን ነው። በሩ ላይ ከተከለከላችሁ ተራ ፖሊሱን አትከራከሩ። ተጠሪው ብቻ ኃላፊውን ያነጋግር፣ ሌላው ይግባ። ሃያ ሰው ከቦ ሲጮህ “አይሆንም” የነበረው “ሁላችሁም ውጡ” ይሆናል።

ቆሎ ይዛችሁ መግባት ይቻላል። ሃይላንድ ውኃ ግን ክዳኑ ሊወሰድባችሁ ወይም ጭራሽ ሊከለከል ይችላል፤ ክዳኑ የተዘጋ ሙሉ ጠርሙስ ሲወረወር ድንጋይ ነው። ከሰዓት ፀሐዩ ስለሚከብድ ባርኔጣ ያዙ፣ ከመግባታችሁ በፊትም በደንብ ጠጡ።

ሕዝቡ ከተጨናነቀ ምን ላድርግ?

ይህን ጥያቄ ማኅበሩ በየዓመቱ ለአዲስ አባላት ቢመልስ መልካም ነው። በመቆሚያ ቦታ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከአራት እስከ አምስት ሰው ድረስ ራስን መቆጣጠር ይቻላል። ከዚያ ካለፈ ሰው በራሱ እግር መሄዱ ይቀርና እንደ ሞገድ ይወሰዳል። በመጨናነቅ የሚሞት ሰው በአብዛኛው የሚሞተው ተረግጦ ሳይሆን ደረቱ ተጨምቆ መተንፈስ ሲያቅተው ነው።

የታወቁት አደጋዎች ምክንያት ይደጋገማል። በ2001 እ.ኤ.አ. አክራ ላይ 126 ሰው፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ኢንዶኔዥያ ካንጁሩሃን ላይ 135 ሰው የሞተው አስለቃሽ ጭስ ከተተኮሰ በኋላ ሕዝቡ ወደ ጠባብና ዝግ በሮች ሲሸሽ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ፖርት ሰዒድ ላይ 74 ሰው በሞተበት ግጭትም መውጫው ተቆልፎ ነበር። ስለዚህ ስትገቡ በመጀመሪያ የምታዩት ከገባችሁበት ሌላ የሚቀርባችሁን መውጫ፣ ክፍት መሆኑንም ነው።

ትከሻችሁ በአራቱም አቅጣጫ ሲነካ ያ የመውጫ ሰዓት ነው፤ ገና መንቀሳቀስ እየቻላችሁ ውጡ። ካለፈ እጆቻችሁን እንደ ቦክሰኛ ደረታችሁ ፊት አድርጋችሁ የመተንፈሻ ቦታ ጠብቁ። ግፊቱን ፊት ለፊት አትታገሉ፤ ጋብ ሲል ሰያፍ ወደ ጎን ተንቀሳቀሱ። የወደቀ ጫማና ስልክ ለማንሳት አታጎንብሱ። ከወደቃችሁ በጎናችሁ ተጠቅልላችሁ ጭንቅላታችሁን ሸፍኑ። አስጨፋሪው መጨናነቅ ካየ ወዲያውኑ ከበሮውን ያስቁም፤ እየዘለለ ያለ ሕዝብ ከሥሩ የወደቀውን አይሰማም።

እንግዳ ደጋፊ ሲመጣ እንዴት እንቀበለው?

እንደ እንግዳ። ከጎንደር የፋሲል ከነማ ደጋፊዎች ሲመጡ ለምሳሌ ሁለቱ ማኅበራት ቀድመው በስልክ ቢነጋገሩ ግማሹ ችግር ከመነሻው ያልቃል፦ ስንት ሰው ይመጣል፣ በየትኛው በር ይገባል፣ መኪናቸው የት ይቆማል። የእንግዶቹ መቀመጫ በባዶ ረድፎች ይለይ። ስታዲየሙን ማን ቀድሞ እንደሚወጣም ከጨዋታው በፊት ይወሰን፤ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ የሚደረግ ድርድር አይሰምርም። አለመግባባት ከተፈጠረ ከሁለቱም ወገን የሚከበሩ ሽማግሌዎች በዚያው ሳምንት ያስታርቁ፤ ለቀጣዩ ዙር የሚቆይ ቂም ያድጋል።

የሰው ጨርቅ ወይም ስካርፍ ነጥቆ ማሳየት ከውጭ የመጣ ልማድ ነው። ጣሊያን ውስጥ በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የተጀመረው፣ በኋላም ካይሮና ካዛብላንካ የደረሰው የአልትራስ (የተደራጁ ጽኑ ደጋፊዎች) ባህል ዋናውን ጨርቅ እንደ ጦር ሰንደቅ ያያል፤ የተነጠቀበት ቡድን ራሱን እስከ ማፍረስ ይደርሳል። ከአልትራስ ልንወስድ የሚገባን ብዙ ነገር አለ፦ የጨርቅ ጥበቡን፣ ያለማቋረጥ መዝፈኑን፣ ከክለብ ገንዘብ ሳይጠብቁ በራስ መዋጮ መቆሙን። ነጠቃው ግን ለእኛ ስርቆት ነው፤ ለጨርቁ ባለቤት ይመለስ።

ከሜዳችን ውጪ ለመጓዝ ምን ያስፈልጋል?

ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ ስለቆየ የሞገዶቹ ደጋፊ አዳማም ሐዋሳም ድሬዳዋም መሄድ ግድ ሆኖበታል። 30 ሰው የሚይዝ ኮስተር ስትከራዩ ወጪውን ለ25 አካፍሉት፤ ሁልጊዜ የሚቀር ሰው አለ። ከሦስት ቀን በፊት ያልከፈለ ስሙ ይሰረዝ። የተሳፋሪ ዝርዝር ከቤተሰብ ስልክ ቁጥር ጋር በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ መኪናው ላይ፣ ሌላው ባሕር ዳር ይቅር። ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ስጡ፤ በየፌርማታው በስም ከመጥራት በቁጥር መቁጠር ይፈጥናል።

ወደ አዲስ አበባ መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የዓባይ በረሃም መሃል ላይ አለ። ሁለት ሾፌር ያዙ፣ ደጀን ላይ ፍሬኑ ይታይ። መጠጥ መኪና ውስጥ አይገባም። መንገዱ ሰላም መሆኑን በዋዜማውም በማለዳውም አጣሩ፤ ከተጠራጠራችሁ ቅሩ፣ ጨዋታው በቴሌቪዥን ይታያል።

ሴቶችና ልጆች ከጨፋሪዎቹ ጋር መቆም ይችላሉ?

አዎ። በመጨናነቅ ስም የሚደረግ መነካካት በማኅበር ደንብ ውስጥ በግልጽ ተጽፎ የሚያባርር ጥፋት ይሁን፤ አቤቱታ የምትቀበል ሴት ረዳትም ትኑር። ልጅ ይዞ የመጣ በዳር ረድፍ ይቁም፣ የወላጅ ስልክ ቁጥርም በልጁ ክንድ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፍ።

የማኅበሩ ገንዘብ እንዴት ይያዝ?

በማኅበሩ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ፣ በሁለት ፊርማ። በአንድ ሰው ቴሌብር የሚሰበሰብ መዋጮ ሰውየው ቅን ቢሆንም ማኅበር ያፈርሳል፤ ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሰውየው ሲጣላ ማንም ማረጋገጥ አይችልም። ተከታታይ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ቁረጡ፣ ከጨዋታው በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥም ገቢና ወጪውን ለአባላት አሳውቁ። ሒሳብ መርማሪው ከገንዘብ ያዡ ሌላ ሰው ይሁን።

ዋልያዎቹ ባሕር ዳር ሲጫወቱ ልዩነት አለው?

አለው። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ያሸነፉት እዚህ ነው። የክለብ ማሊያና የክለብ ጭፈራ በዚያ ቀን ቤት ይቀራል፤ የተለያዩ ክለቦች ደጋፊዎች በአንድ ከበሮ ሥር እንዲቆሙ አስጨፋሪዎቹ ቀድመው ተነጋግረው ተራ ይካፈላሉ። ካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ስታዲየሙን ካገደ በኋላ ቡድኑ ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ጋናን ያስተናገደው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። ያኔ የቀረብን ምን እንደሆነ ደጋፊው ያውቃል፤ ወንበር የሚሰብርና የሚነቅል ሰው ስታዩ ዝም አትበሉ የምንለውም ለዚህ ነው።

ክረምት ላይ ከበሮውን የት እናስቀምጠው?

ከመሬት ከፍ ባለ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ። በላስቲክ አትጠቅልሉት፤ ቆዳው ይሻግታል። እርጥበት ሲነካው ቆዳው ስለሚላላ ድምፁ ይደፈናል። ከጨዋታ በፊት ፀሐይ ላይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አውሉት፣ በጣታችሁ መታ መታ እያደረጋችሁ ድምፁ ሲጠራ ወዲያው ወደ ጥላ መልሱት። ከዚያ በላይ ከቆየ በጠፍሩ ዙሪያ ይሰነጠቃል። እሳት ላይ ማሞቅ ካስፈለገ ከነበልባሉ አንድ ክንድ ተኩል ራቅ አድርጋችሁ እያዞራችሁ ይሁን። ወቅቱ ከመጀመሩ በፊት ጠፍሩን አንድ በአንድ እዩት፤ የሳሳውን ቀይሩት።